የተረፈው ብሎን

ሐረጎን ስወጣ ሚኒባሷ ጋለች፣
ውሃዋን ጨርሳ እህህ ትላለች።
ኮምቦልቻ ወርጄ ለአራጋው ባሳያት፣
ጆሮውን አስጠግቶ እንደ ሐኪም አያት።
«ቴስታታው ይውረድና ሄዶ ይላጭ ደሴ፣
ጓርኒሲዮን ግዛ፤ የቀረው የራሴ።»
ዋጋውን ስሰማ እኔም አብሬ ጋልኩ፣
«ለአሥር ብሎን ብለህ ይህን ሁሉ?» አልኩ።
ምንም አልመለሰ፤ እጁን በጋዝ አጥቦ፣
ከሌላ ኢሱዙ ሥር ገባ ተስቦ።

ሃያ ዓመት ነድቼ፣ መሪ ጨብጬ አድሬ፣
እንዴት ይከብደኛል ብሎን መፍታት ዛሬ?
ሞተርስ ምንድን ነው? ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣
ወደ ግራ ይፈታል፤ ሕፃንም ያውቃል።

ጦይባ ባንድ ጫፍ ይዛ፣ እኔ በሌላው ጫፍ፣
የብረት አልጋችን ወጣ እስከ ደጃፍ።
ፍራሹ መሬት ቀረ፤ ሽቦው ላይ በተራ
የሞተር ሆድ ዕቃ ተሰጣ እንደ ሽምብራ።
ልጄ እንድሪስ ባትሪ ይዞ ያንቀላፋል፣
ብርሃኑ ከሞተር ሸሽቶ ሰማይ ያርፋል።

ጓርኒሲዮኑን አየሁት፤ ጠርዙ ጠቆር ይላል፣
«ሲሊኮን ቢቀቡት ገና ብዙ ይውላል።»
ይላጫል ያለውን ቴስታታ ዳሰስኩት፣
«ከኔ ጉንጭ ይለሰልሳል» ብዬ መለስኩት።
አሥሩንም ብሎን ከዳር ጀምሬ አሰርኩ፣
ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥዬ ስንጠለጠል አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ ከሽቦው ላይ አንድ ብሎን ተረፈ፣
ዝገት የበላው፣ ራሱ የተዛነፈ።
አሥሩን ቆጠርኩ፤ አሥር ናቸው። ደገምኩ፤ አሥር።
ይሄ የማን ነው? ኪሴ ይግባ፤ ቦታው ሲገኝ ይታሰር።

ቁልፍ ሳዞር ተነሣች! ድምጿ እንደ ንብ ቀፎ፣
ጎረቤት ሁሉ ወጣ ከአጥሩ ተሰልፎ።
ለአራጋው ያልከፈልኩት ብር ኪሴ ውስጥ ሳቀ፣
ብሎኑም ከጎኑ ከሳንቲም ጋር ተፋተቀ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐረጎ፣ አሥራ አንድ ሰው ጭኜ፣
«ማነው ያበጃት?» ሲሉኝ፣ «እኔ!» ብዬ ተጀንኜ፣
ኩርባው ላይ ስደርስ ቱርርር አለችና
ዝም።

ነጭ ጭስ ከኋላዋ፣ ከፊት ደግሞ ዝምታ፤
ተሳፋሪው ሂሳቡን አስመለሰ በተርታ።
አንድ ሽማግሌ ብቻ «አብሽር» አሉኝ ሲወርዱ፣
ከዘራቸውን ይዘው ዳገቱን ሄዱ።
የዘይት መለኪያውን ብስበው ነጭ ሆኗል፤ ወተት!
የማይስማሙ ሁለቱ፣ ውሃና ዘይት፣ ባንድ ቤት።

ለኮሎ የሐይቅ ጊደር፣ ለፒስተን የጤፍ አዝመራ፣
ለቴስታታው ድሪዋ፣ የጦይባ እናት አደራ።
ጦይባ ምንም አላለች። ባለች ይሻለኝ ነበር።

ሌሊት ስገላበጥ አልጋው ሲጮህ ከሥሬ፣
«ያ ብሎን ነው የጨረሰኝ» እላለሁ ቆጥሬ ቆጥሬ።
አንድ ቀን አወጣሁት፣ ከአራጋው መዳፍ አኖርኩት፣
«ኃጢአቴ ይኸውልህ፣ ፍረድብኝ» አልኩት።
አገላበጠው፤ ቀስ ብሎ ወደ ፀሐይ አነሣው፣
ሳቁ እንደ ሳል መጣበት፣ ጉልበቱን እስኪነሣው።

«ይመር፣ ይሄ የመኪና አይደለም፤ የአልጋ ነው!
አንተን የበላህ አሮጌው ጓርኒሲዮን ነው።
ብሎንም ከመሃል ነው እንጂ ከዳር አይጀመርም፤
ያልተላጨ ራስ ደግሞ በጉልበት አይገጥምም።»
የትኛው ራስ እንደሆነ
አልጠየቅሁትም።

ማታ ፍራሹን ገለበጥኩ፤ እንድሪስ ባትሪ ያዘልኝ፣
ቀዳዳው ከራስጌ በኩል አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ።
ቀስ ብዬ አሰርኩት። ያለ ቧንቧ። ያለ ቁጣ።
ጦይባ ጋደም አለች፤ ከአልጋው ድምፅ አልወጣ።

ሚኒባሷ አራጋው ደጅ ቢየላዋን ትጠብቃለች፣
ዶሮ ከሥሯ ገብታ ጫጩት ፈልፍላለች።
«መካኒክ ነህ ወይ?» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው ከእንግዲህ፦
አንድ አልጋ ሠርቻለሁ።
ና፣ ነቅንቀው፣ ከወደድህ።